ከደንብ ውጭ የበቀለች ዛፍ

ካርታ ቤቱ በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከደረጃው ሥር የሚገኝ ክፍል በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሰው ወይ መንገድ የጠፋው ነው፤ ወይ መንገድ የሚፈልግ። ካርታ ጠባቂዋ ይህን ቀልድ ለራሷ ፈጥራ ለራሷ ትስቅበት ነበር፤ የሚሰማት አልነበረምና።

ክፍሉ ሰፊ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ጠፍጣፋ መሳቢያ ያላቸው የብረት ቁም ሣጥኖች ተደርድረዋል። በመካከሉ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከበሩ ትይዩ ደግሞ በወፍራም ካርቶን ላይ በራሷ ውብ የእጅ ጽሑፍ የጻፈችው ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ ብዕር አይገባም፤ ጣት ካርታ አይነካም፤ የወጣ ሉህ ሳይመሽ ይመለሳል። በእነዚህ ደንቦች ላይ ያላት ጥብቅነት የታወቀ ስለነበር ባልደረቦቿ ሻይ ይዘው ሲመጡ እንኳ ከደጃፉ ቆመው ነበር የሚጠሯት።

መሐንዲሱ የመጣው ዝናብ ሲጥል ባረፈደበት ቀን ነው። የኮቱ ትከሻ ረጥቧል፤ በደረት ኪሱ ሁለት ብዕሮች ሰክቷል። ከድልድይ ሥራ መሥሪያ ቤት መላኩን ተናግሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ካርታ ጎንበስ ሲል አንደኛው ብዕር ከኪሱ ሾለከ። እርሷ እጇን ሰድዳ ከመውደቁ በፊት ቀለበችው።

«እርሳስ ብቻ» አለች።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ማስታወቂያውን አላነበቡትም። ይህ ካርታ ከእኔም ከእርስዎም በዕድሜ ይበልጣል።»

«እኔ እኮ ልጽፍበት አልነበረም።»

«ብዕርዎ ግን ሊጽፍበት ነበር።»

ሣቀ። ሣቁ ከመልኩ ቀድሞ ነው ልቧ ውስጥ የገባው፤ ያልተጠነቀቀ፣ የልጅ ሣቅ ነበር። «እሺ፣ ወይዘሪት እርሳስ» አለና ሁለተኛውንም ብዕር አስረከባት። «ስወጣ ይመለሱልኛል ወይስ ተወረሱ?»

«እንደ ጠባይዎ ይታያል።»

ሲወጣ ግን አንዱን ብቻ ተቀበለ። «ያኛው እዚሁ ይቆይ» አላት። «መመለሻ ምክንያት ይሆነኛል።»

መሥሪያ ቤቱ አንድ የገጠር ወንዝ የሚሻገር ድልድይ ሊሠራ አስቧል፤ የእርሱም ሥራ ያ ወንዝ ባለፉት ዘመናት በየት በየት ሲፈስ እንደኖረ ከድሮ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ ማጥናት ነበር። «ድልድይ ማለት ከወንዝ ጋር የሚደረግ ጋብቻ ነው» አላት በማግስቱ። «ጠባዩን ሳያጠኑ አይገቡበትም።»

«የስንት ወንዝ ጠባይ አጥንተዋል?»

«የብዙ ወንዝ። የሰው ነው ያቃተኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ። እርሱ ካርታው ላይ የሚያየው ውሃውን ነው፤ እርሷ ደግሞ ሰዎቹን። የእርሳሷን ጫፍ ወረቀቱን ሳታስነካ እያንዣበበች ታሳየዋለች።

«ይህችን የነጠብጣብ መስመር ይመልከቷት። የእግር መንገድ ናት። ከኮረብታው ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። እዚህ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ግራ ትዞራለች። ለምን ይመስልዎታል?»

«ገደል አለ?»

«የከፍታ መስመሮቹን ያንብቧቸው እንጂ! ተራርቀው የለም? ሜዳ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት አይዞርም። እዚያ ቦታ ላይ ድሮ የአንድ ሰው እርሻ ሳይኖር አይቀርም፤ አጥሩን ዞረው ያልፉ ነበር። እርሻው ጠፋ፤ አጥሩም ጠፋ፤ እግር ግን የለመደውን አይተውምና መንገዱ ዞሮ ቀረ።»

ተናግራ ስትጨርስ ቀና አለች። መሐንዲሱ ካርታውን እያየ አልነበረም።

«ካርታው ወዲህ ነው» አለች፣ ጉንጯ እየሞቀ።

«አየሁት» አለ እርሱ፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

ከዕለታት በአንዱ ስለ እናቱ አወጋት። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተወለዱት በዚያ ወንዝ ዳር ነው። «ልጅ ሆና ጎርፍ ባንድ ሌሊት መንደሩን ጠርጎ ወሰደው» አላት። «ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እናቴ የምታስታውሰው ከቤታቸው ፊት ለፊት ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ወዲያ ወንዙን፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወፍጮ መኖሩን ነው። ስፌቷ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታወራ አትጠግብም። ‹ባለሦስት እግሩ› የሚባል ሰውዬም ነበር አሉ።»

«ሰው እንዴት ባለሦስት እግር ይሆናል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! እንቅልፍ እምቢ ስል ‹ባለሦስት እግሩ መጣልህ› ትለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ጨለማ ስገባ እግር እቆጥራለሁ።» ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ከሥራዬ ጎን ለጎን ያንን ቤት ባገኝላት ደስ ይለኝ ነበር። እስካሁን አላገኘሁትም።»

ሉሆቹን በተራቸው ጎን ለጎን ሲያሰልፉ በመካከል አንድ ክፍተት ታየ።

«አንዱ ጎደለ» አለ።

ካርታ ጠባቂዋ የትኛው እንደጎደለ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስትፈራ ነበር።

የጎደለውን ሉህ የሣሉት አባቷ ናቸው። በወጣትነታቸው ቀያሽ ነበሩ፤ ያንን የወንዝ አገር በእግራቸው ዞረው፣ በመሣሪያቸው ለክተው፣ በእጃቸው ስለውታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌሎች ቀያሾች በስተምሥራቅ ያለውን ጎረቤት ሉህ ሠርተው ሲመለሱ ወንዙ ከወንዙ ጋር አልገጠመም። የአባቷ ወንዝ በሉሁ ጠርዝ ላይ በታች በኩል ይወጣል፤ የጎረቤቱ ደግሞ ከላይ በኩል ይገባል። አጣሪዎች ወደ ቦታው ቢሄዱ ውሃውን ያገኙት ከላይ ነው፤ ቀድሞ የት እንደነበር የሚጠይቁት የአገር ሰውም አላገኙም። አለቃው በሰው ፊት «ይህ ሰው ወንዙን ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሣለው» አለ። ሉሁ ላይ «አያስተማምንም» የሚል ቀይ ማኅተም አረፈበት። አባቷም ኮታቸውን ለብሰው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ከዚያ ሕንፃ ወጡ፤ ዳግመኛም አልረገጡትም። ልጃቸው እዚያው ሥራ ስትይዝ አልከለከሏትም፤ ስለ ሥራዋ ግን አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

ማኅተም ያረፈባቸው ሉሆች ለብቻቸው በአንድ ቁም ሣጥን ይቆለፍባቸዋል፤ ከሌሎቹም ጋር አይቀላቀሉም። ቁልፉ ዘወትር በወገቧ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከፍታው አታውቅም። የማኅተሙ ቃል እውነት ቢሆንስ? አባቷን በልቧ ያኖረችበት ከፍታ ከዚያ ወዲህ በምን ይለካል?

ከፈተችው። ደንቡን ጠብቃ ሉሁን ከሌሎቹ አርቃ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት። መሐንዲሱ አጉሊ መነጽሩን ይዞ አቀረቀረ።

«ይህች ምንድን ናት?» አለ፣ ከወንዙ ዳር ያለች ኢምንት ነጥብ እያሳያት። «በምልክቶቹ መግለጫ ላይ የለችም።»

«የዝንብ ሥራ ትሆናለች። በለስላሳ ላጲስ አጠራታለሁ።»

ጥቂት ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ወንዙ እኮ በሰሜን በኩል ነው፤ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ። እዚህ ታች ምን አመጣው?» ከዚያ እንደ ልማዱ ሣቀ። «ሰውየው ይህን የሣለው ጠጥቶ መሆን አለበት። ውሃ ማለቴ ደግሞ አይደለም።»

ካርታ ጠባቂዋ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከወገቧ ፈታች።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለች።

«ኧረ ገና ነው…»

«ሰዓቱ ደርሷል አልኩዎት።»

ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ተነሣ። በበሩ ሲያልፍ ግን ዓይኑ በጠረጴዛዋ ላይ ካለችው የስም ሰሌዳ ላይ ዐረፈ። ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈውን የአባቷን ስም አነበበ፤ ዞሮ የሉሁን ግርጌ አየ። ቀያሹ የፈረመበት ስም ያው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ካርታ ጠባቂዋ ቁልፏን ይዛ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ጠጥቼ የነበርኩት እኔ ነኝ» አላት።

ልትቆጣው አስባ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ከዳት። «ውሃ ማለትዎ ነው?»

«ውሃ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አንድ ሰው ተራራውን ሁሉ፣ መንገዱን ሁሉ፣ ትንሿን ኮረብታ ሳይቀር በትክክል ስሎ፣ ወንዙን ብቻ እንዴት ይስታል? አገሩ ውስጥ ትልቁ ነገር እኮ እርሱ ነው። ጎረቤቱን ሉህ አጠገቡ ዘርግተው አይተው ያውቃሉ?»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«ማኅተሙን የመቱት።» ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። «ደንቡ ብቻ አይደለም። እኔም እፈራለሁ። አባቴ ተሳስተው ቢሆንስ?»

መሐንዲሱ ቀልዱን ተወ። «እንግዲያው አይዘረጋ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እርስዎ ካልፈቀዱ ዛሬውኑ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።»

ምናልባት ‹ግድ የለም፣ ይዘርጉት› ብሎ ቢገፋፋት ኖሮ እምቢ ትል ነበር። ባለመግፋቱ ነው ኃይል ያገኘችው። በገዛ እጇ ሁለቱን ሉሆች አምጥታ በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጠመቻቸው። ራሶቻቸው በአንድ አጉሊ መነጽር ላይ ተቃረቡ።

የአባቷ ወንዝ እየተጥመዘመዘ መጥቶ በጠርዙ ላይ በታች በኩል ቆመ። በጎረቤቱ ሉህ ላይ፣ ልክ በዚያው ነጥብ ትይዩ፣ ወንዝ አልነበረም። እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ በጥቃቅን ሰማያዊ ጭረቶች የተሞላ ስፍራ ግን ነበር።

«ረግረግ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ረግረግ ብቻ አይደለም! ስፋቱን አይተውታል? የወንዙ ስፋት ነው። መታጠፊያውም የወንዝ መታጠፊያ ነው።» እርሳሱን በጭረቶቹ ላይ አንዣበበ። «ወንዝ ሲሰደድ አልጋውን ይዞ አይሄድም። ይህ ጥሎት የሄደው አልጋ ነው። አባትዎ ሲስሉት ውሃው እዚህ ነበር፤ ጎርፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጣሪዎቹ ወንዝን ከወንዝ ጋር ብቻ አስተያዩ፤ ረግረጉን ያየው የለም።»

ካርታ ጠባቂዋ በድንገት ወደ ኋላ ሸሸት አለችና ፊቷን አዞረች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እንባዬ ካርታው ላይ እንዳይወድቅ ነው።»

«እንባም እንደ ብዕር ነው እንዴ?»

«እንባ ይብሳል። ጨርሶ አይለቅም።»

መሐረቡን አቀበላት። «ምን ሆንሽ» ብሎ እንደጠራት፣ ‹እርስዎ› ከመካከላቸው እንደወጣ ሁለቱም አስተዋሉ፤ ማንም ግን መልሶ ሊያስገባው አልፈለገም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው ይሄዱ ጀመር። አውቶቡሱ ይመጣል፤ «የሚቀጥለው ይሻላል» ይላሉ። የሚቀጥለውም ይመጣል፤ «ይህ ደግሞ ሞልቷል» ይላሉ፤ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው እየታዩ። እርሷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መንገድ በመርዘሙ የሚያመሰግን ሰው እንዳለ ተረዳች።

አንድ ቅዳሜ መሐንዲሱ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሁለት ደስታ ይዞ አባቷ ቤት መጣ፤ አንደኛው የካርታው ነገር፣ ሁለተኛው የልጅቷ ነገር። አባትየው በመስኮቱ አጠገብ፣ ጀርባቸው ከወንበሩ መደገፊያ ሳይነካ፣ እንደ ቅየሳ እንጨት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሁለቱንም ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልጃቸው ሻዩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ስማኝ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ካርታዬ ትክክል መሆኑን ከሣልኩበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ነጋሪ አልፈለግሁም።»

«አዎ ጌታዬ፣ ነገር ግን ሪፖርቴ ላይ…»

«ሪፖርትህ ላይ ማኅተሙን ትሽራለህ። ጥቂት ቆይተህ ደግሞ አማቼ ትሆናለህ። ያን ጊዜ ሰው ምን ይላል? ‹ልጁን ሰጥቶ ስሙን አጠበ› ይላል።»

«ሰው የሚለውን እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም።»

«እኔ እቆጥረዋለሁ! ሌላው ዝም ቢል እንኳ እኔው ለራሴ እላለሁ።» የወንበሩን ክንድ በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «ወይ ስለ ካርታዬ መስክር፤ ወይ ልጄን ጠይቅ። ሁለቱን ባንድ አፍ አትናገርም።»

ልጅቷ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። ከበሩ ሲደርሱ፣ ዓይኗን ሳታነሣ «ሪፖርቱን ፈርመው» አለችው።

«አንቺስ?»

«እኔን ተወኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች የነገረችኝ ነገር አለ። አባባ ሥራ ላይ ሲሆኑ ያፏጩ ነበር አሉ። ጎረቤት ሁሉ በፉጨታቸው ያውቃቸው ነበር። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ግን…» የበሩን እጀታ ያዘች። «እኔ ሲያፏጩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ልትመልስላቸው የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። ፈርመው።»

መሐንዲሱ እጇን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ሄደ። እርሷም ቤት ገብታ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋች።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አንዲት አጠር ደልደል ያሉ ሴት ቆመዋል፤ የልብስ መለኪያውን ሜትር ከአንገታቸው ማውለቅ ረስተው መጥተዋል። ከኋላቸው መሐንዲሱ እንደተቆጡት ልጅ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል።

«ቀያሹ ቤት ይህ ነው?» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። «አንቺ ነሻ እርሳሷ! ይህ ልጅ በከንቱ አልከሳም።»

«እማ!» አለ መሐንዲሱ።

«ዝም በል አንተ! የሚያስፈልገውን ሁሉ ተናግረህ ያበላሸኸው አንሶህ ነው?»

አባትየው ተነሥተው በክብር ተቀበሏቸው፤ በቅዝቃዜም ጭምር። «ይግቡ እመቤቴ። ልጅዎ ግን መልሴን ሰምቷል።»

«የእሱን ጉዳይ እሱ ይጨነቅበት። እኔ የመጣሁት የገዛ ቤቴን ልጠይቅዎት ነው። ያንን አገር በእግርዎ ዞረውታል አሉኝ። ወንዝ ዳር፣ ሾላ ያለበት…»

ዐረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደ። በዚያ ጥግ የአባትየው የድሮ መሣሪያ ማቆሚያ ቆሟል፤ ባለ ሦስት እግር እንጨት፣ ከላዩ የነሐስ ክዳን ያለው። ለዘመናት ኮትና ባርኔጣ ሲሰቀልበት ኖሯል፤ ልጅቷም ከኮት መስቀያነት ሌላ አስባው አታውቅም። ሴትዮዋ ፈቃድ ሳይጠይቁ ኮቱን አነሡ፤ በርከክ ብለው አንደኛውን እግር ዳሰሱ። እንጨቱ መካከሉ ላይ ተሰብሮ በቆዳ ጠፍር ተጠምጥሞ ነበር።

«ይህንን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን አሉ?»

«ልወጣበት ስል ሰበርኩት! ይህንን ጠፍር ያሰረችው እናቴ ናት። ቋጠሮው የእሷ ነው። እንዲህ አድርጋ ወደ ውስጥ የምታስገባው እሷ ብቻ ናት፤ ስፌትም ያስተማረችኝ እሷ ናት።» ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሞልቷል፤ አፋቸው ግን ይሥቃል። «እርስዎ ነዎታ ባለሦስት እግሩ!»

አባትየው ወንበራቸውን ያዙ። ዓይናቸውን በዚያች ሴት ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ አሳረፉ፤ ልምድ እንዳለው ባለሙያ፣ ከዘመን በታች ያለውን መሬት የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«አንቺ…» አሉ። «አንቺ ያቺ ሣቂታ ነሽ!»

ልጃቸው ደነገጠች። አባቷ እንግዳ ሰው ‹አንቺ› ብለው ሲጠሩ ሰምታ አታውቅም።

«ሲሰበር ሥቀሽ ነበር» አሉ።

«ፊትዎ ነበር የሚያስቀኝ! በትኩሳት ቢጫ ሆነው፣ ለእንጨት ያለቅሱ ነበር እኮ!»

«አላለቀስኩም።»

«አልቅሰዋል!»

«ላብ ነው» አሉ አባትየው በኩራት፤ ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ሾላው ከቤታችሁ በየት በኩል ነበር?»

«በየት በኩል እንደሚባል አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጥላው ደጃፋችን ላይ ይወድቅ ነበር። ማታ ማታ ውሃው ላይ።»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይዋን በሐሳባቸው አዞሩ። «ዛፉ ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ወንዙ ከዛፉ በስተምሥራቅ» አሉ። «ከዚያስ ውሃው ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ከወፍጮው ሥር ታጥፎ፣ ፀሐይ ወደምትወጣበት።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ» አሉ፣ «ካርታ ቤቱን ልትከፍችልን ትችያለሽ?»

አባትየው በዚያ ረጅም ኮሪደር ሲያልፉ እርምጃቸው አልፈጠነም፤ አልዘገየም። ከደጃፉ ሲደርሱ ማስታወቂያውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከውጭ ባለው ወንበር ላይ አኖሩ። ልጃቸው ይህን ባየች ጊዜ ከምስጋና ሁሉ የበለጠ ምስጋና እንደተቀበለች ተሰማት።

ሉሁ ተዘረጋ። ቀዩን ማኅተም በዓይናቸው ዘለሉት። አጉሊ መነጽሩን ተቀብለው፣ ሳይፈልጉ፣ ሳያመነቱ፣ በቀጥታ ከወንዙ ዳር ባለችው ነጥብ ላይ አኖሩት።

«እነሆ ሾላሽ» አሉ።

ካርታ ጠባቂዋና መሐንዲሱ ተያዩ። ላጲስ ሊያርፍባት የነበረችው የዝንብ ሥራ ግንድ ነበራት፤ ቅርንጫፍ ነበራት፤ ከሥሯም የቤት ምልክት የሆነች ጥቁር ካሬ ነበረች።

«በእኛ ሥራ ነጠላ ዛፍ አይሣልም» አሉ አባትየው። «ጫካ ከሆነ ይሣላል፤ አንድ ዛፍ ግን ቦታ ማባከን ነው። ይህ ከደንብ ውጭ ነው። ትኩሳቱ ሲጥለኝ ጓዶቼ ለሥራ ቀድመውኝ ነበር። እናትሽ ከዚህ ዛፍ ሥር አስተኝታ በማንኪያ እያጠጣች አዳነችኝ። አንድ ማለዳ ጓዶቼ መጥተው አጣድፈው ሲወስዱኝ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ሳላመሰግናት ሄድኩ። ካርታውን ስስል ዛፉን አኖርኩላት፤ ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ተመልሼ ስሄድ ግን አገሩ ሁሉ አሸዋ ሆኖ ጠበቀኝ፤ የሚመሰክርልኝም ሰው አላገኘሁ።» አጉሊ መነጽሩን ለሴትዮዋ አቀበሉ። «ማድረግ የምችለው ነገር ይህ ብቻ ነበር።»

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። ክር በመርፌ ሲያስገቡ የኖሩት ዓይኖች ወዲያው አገኟት። «የመርፌ ቀዳዳ አታክልም እኮ» አሉ፤ ጣታቸውንም ዘርግተው ያንን ካሬ፣ ያንን ዛፍ፣ ያንን ወንዝ ዳሰሱ። ካርታ ጠባቂዋ ጣቱ ወረቀቱን ሲነካ አየች። ምንም አላለችም።

«እናቴ ከጎርፉ ወጥታለች» አሉ ሴትዮዋ ካርታውን ሳይለቁ። «ኖራ፣ አርጅታ ነው የሞተችው። ‹ባለሦስት እግሩ ይድን ይሆን?› ትል ነበር። ድነዋል እማ፤ ድነው ቤታችንን አስቀምጠውልናል።»

በኋላ አባትየው ቀና ብለው ወደ መሐንዲሱ ዞሩ።

«ያንተን ምስክርነት አልፈልግም። ሪፖርቱን የማያውቀኝ አለቃህ ይፈርመው። መሬቱ ይቆፈር፤ ከሥሩ የወንዝ ጠጠር ካለ ጠጠሩ ይመስክር።»

«እኔስ አልመስክር እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ። «ወይስ እኔም ነገ ዘመድ እሆናለሁ ብለው ነው?»

«አንቺ ዘመድ የሆንሽው ካርታው ከመሣሉ በፊት ነው።»

መሐንዲሱ በፍርሃት ጠየቀ፤ «ጌታዬ፣ እንግዲህ እኔ የምፈርመው የለኝም ማለት ነው?»

«አንተማ» አሉ አባትየው፣ ልጃቸውን በጎን እያዩ፣ «ፈቃዷ ከሆነ የምትፈርመው ሌላ ወረቀት አለህ።»

ካርታ ጠባቂዋ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ መሳቢያዋን ሳበች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመያዣ የተቀመጠውን ብዕር አውጥታ በመዳፉ ላይ አኖረችው።

«ያኛው በእርሳስ አይሆንም» አለችው።

መሬቱ በበጋው ተቆፈረ። ከአሸዋው ሥር ውሃ ያለሰለሰው ክብ ጠጠር ወጣ። አለቃው ፈረመ፤ ቀዩ ማኅተም በሕግ ተሠረዘ፤ ድልድዩም ወንዙ ወደ ድሮ አልጋው ልመለስ ቢል እንኳ መንገድ እንዲያገኝ ተደርጎ በሁለት ክፍል ታቀደ። ሁለቱን አሮጌ ሉሆች አጋጥሞ አዲስ አንድ ሉህ የመሣል ሥራ ለካርታ ጠባቂዋ ተሰጣት። ሥራውን ስትጨርስ ባለትዳር ሆናለች፤ አማቷ ያበጁላትን የሥራ ካፖርት ለብሳ ነው የሣለችው፤ ለእርሳስ የሚሆን ጠባብ ኪስ ደረቱ ላይ ተሰፍቶለታል።

ሉሁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከባሏ ጋር ቤታቸው ወስዳ ለአባቷ አሳየቻቸው። አባትየው አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መረመሩ፤ የከፍታ መስመሮቹን፣ ሁለቱን የወንዝ አልጋዎች፣ ያለ ምክንያት የሚዞረውን የእግር መንገድ። ከአንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ጎርፍ ከወሰደው ብዙ ዘመን በሆነው ደጃፍ ላይ፣ ከድሮው የወንዝ አልጋ ዳር፣ አንዲት ኢምንት ዛፍ ቆማ ነበር።

«ይህ ከደንብ ውጭ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ።»

መነጽሩን ዝቅ፣ ከፍ አደረጉት።

«ቅርንጫፏ ግን ደኅና ወጥቷል።»

ካርታውን በጥንቃቄ መልሰውላት ተነሡ፤ ኮታቸውን ከባለ ሦስት እግሩ ላይ አንሥተው ለበሱ፤ ወደ ግቢው ወጡ። ካርታ ጠባቂዋ ሉሁን ልትጠቀልል ጀምራ ነበር። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ባሏ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጣቷን ከንፈሩ ላይ አኖረች።

ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በመጀመሪያ እንደመፍራት እያለ፣ ቀጥሎም እየጠራ፣ የፉጨት ድምፅ ይሰማ ነበር።